የሚሮጠው ማን ነው?

ይህን ንግግር ያቀረብኩት ሜሪላንድ ውስጥ፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላሉ ወገኖቻችን ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም አንዱን ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም ብዙዎቻችን ሁለተኛ ሥራ በምንገባበት ቀን፣ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እናቶችና አባቶች እባካችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ የድምፅ ማጉያው ወደ ኋላ ሲሄድ ደከም ይላል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። አንዲት ብቻ። ራን።

አገር ቤት ከኤቢሲዲ ቀጥሎ ከተማርናቸው ቃላት አንዷ ናት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋታል፣ ከጎኗ «ሮጠ» ይላል፣ እኛም ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን። በቃ፣ አወቅናት። ደግሞ የሯጮች አገር ልጆች ነን፤ ሩጫን ማን ሊነግረን? ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ ሕዝቡ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ የሚወጣበት ታላቁ ሩጫ እንኳ በእንግሊዝኛ ስሙ ግሬት ኢትዮጵያን ራን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ ዛሬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) እና ወደዚህ አገር ስንመጣ ያቺን የልጅነት ደብተር በጭንቅላታችን ይዘን መጣን። ሰው «ራን» ባለ ቁጥር ደብተሯ ትገለጣለች። ሮጠ።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። በሕክምና ቤትና በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ከዓመታት በፊት አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ጋ ሄዱ። የልጁ እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። እኔ መንገድ ተዘጋግቶብኝ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘገየሁ። ነርሷ እስክደርስ አልጠበቀችም፣ ጥያቄዋን ጀመረች። ልጁ «ራኒንግ ኤ ፊቨር» ነው ወይ አለቻቸው። ትኩሳት አለው ወይ ማለቷ ነው። አባባ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ «ራኒንግ» የምትለዋን ለቀም አደረጓት። ልጁ ደግሞ ቤት ውስጥ እንኳ አርፎ የማይቀመጥ፣ ከሶፋ ሶፋ የሚዘል ልጅ ነው። ፊታቸው በራ። «የስ! ኤቭሪ ዴይ፣ ኤቭሪ ዴይ!» አሏት።

እኔ ስደርስ ወረቀቱ ላይ ልጁ በየቀኑ ትኩሳት እንዳለው ተጽፏል። ሐኪሙም ትኩሳቱ የቆየ ነው ብሎ ብዙ የደም ምርመራ ሊያዝ ነው። ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው ስንጠያየቅ ልጁ ያተኮሰው ትናንት ማታ ብቻ ነበር። ጉንፋን ነው። አባባ ምንም አላጠፉም። የሚያውቁትን ቃል ሰሙ፣ በእውነት መለሱ። ነርሷም በየቀኑ የምትጠይቀውን ነው የጠየቀችው። ቃሏ ናት በሁለቱ መካከል ሁለት ቦታ የቆመችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን ቃል እከታተላታለሁ። በየቀጠሮው ትመጣለች። አንዳንድ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ እሰማታለሁ፣ ከእነዚያ ውስጥ አንዷም ከእግር ጋር አትገናኝም።

ትልቁን የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1857 ነው። በ1879 ጄምስ መሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ መምህር አዘጋጅነቱን ተረከበ። ሰውየው በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ፈቃደኛ አንባቢዎች ከያሉበት በትናንሽ ወረቀት ገልብጠው የሚልኩለትን ዓረፍተ ነገር ሲለይ ኖረ። ቃሉ የት ተጻፈ? መቼ? በምን ትርጉም? የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1884፣ ሥራው በሙሉ ያለቀው ደግሞ በ1928 ነው። መሪ ይህን አላየም። በ1915 ሞቷል።

በዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሰፊውን ቦታ የያዘችው ቃል ሴት ነበረች። የእኛዋን ሴት ማለቴ አይደለም፤ የእንግሊዝኛዋን፣ ማስቀመጥ የምትባለዋን። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም 430 ያህል ትርጉም ተቆጥሮላታል፤ ማብራሪያው ብቻ 60 ሺህ ቃል ነው፣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። አሁን ግን ራን በልጣታለች። ፒተር ጊሊቨር የተባለ የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ይህችን አንዲት ቃል እንደገና ለማዘጋጀት ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ጨርሶ ሲቆጥር ለግሡ ብቻ 645 ትርጉም ሆነ። ዘጠኝ ወር! ልጅ ተፀንሶ የሚወለድበት ጊዜ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ እፎይ ነው ያልኩት። ዕድሜውን በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ያሳለፈ ባለሙያ ዘጠኝ ወር ካቀረቀረባት፣ ከሥራ መልስ ደክሞን የማታ ትምህርት የምንገባ ሰዎች ቃሏ ብትምታታብን ምን ያሳፍራል? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። «ራን እንኳ አላውቅም» ብሎ አንገት መድፋት አያስፈልግም። ራንን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከመዝገበ ቃላቱ ቤት ውጭ ስለመኖሩም እጠራጠራለሁ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ትርጉም ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሥሯን ካያችሁ ብዙው ነገር ይቀላችኋል።

ቃሏ በጥንት ዘመንም የእግር ብቻ አልነበረችም። የውሃም ነበረች። የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ ጀርመንኛ ዛሬም ሁለት ቃል አለው፤ ሬነን ማለት መሮጥ፣ ሪነን ማለት መፍሰስ። ሁለቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም በአንዲት ራን ጠቅልሎ ያዘ። ስለዚህ ነርሷ የልጁ አፍንጫ «ራኒንግ» ነው ስትል እንግዳ ነገር አላመጣችም፤ ይፈሳል ነው ያለችው። ወንዙም ራን ያደርጋል፣ ቧንቧውም፣ እንባውም። አዲሱን ቀይ ሸሚዝ ከነጩ ጋር አጥባችሁ ነጩ ሮዝ ሲሆን ቀለሙ «ራን» አደረገ ይባላል። እኛ ለቀቀ እንላለን።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ የሚገርመኝ ነው። በአማርኛ ሮጠ አለ፣ አስሮጠ አለ። ፈረሱ ሮጠ፣ ሰውየው ፈረሱን አስሮጠ። ማን እንደሮጠና ማን እንዳስሮጠ ግሡ ራሱ ይነግረናል፤ «አስ» የምትለዋ ቁራጭ ሥራዋ ያ ነው። ተሯሯጠም፣ አሯሯጠም አለ። እንግሊዝኛ ግን ይህችን ቁራጭ አያስገባም። ድሮ መሮጥና ማስሮጥ የተለያዩ ግሦች ነበሩ፤ በጊዜ ብዛት ተዋህደው ሁለቱም ራን ሆኑ። ስለዚህ «ሺ ራንስ» ካሉ ትሮጣለች ነው፤ «ሺ ራንስ ኤ ሾፕ» ካሉ ግን ሱቅ ታስኬዳለች፣ ሱቅ አላት። ልዩነቱ ከኋላ በመጣችው ሱቅ ነው የታወቀው። ከራን በኋላ ወዲያው ሌላ ነገር ከተከተለ፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው እየሮጠ ሳይሆን ያንን ነገር እያስኬደ ነው። ድርጅት፣ ማሽን፣ ምርመራ። ሐኪሙ «ዊ ዊል ራን ሳም ቴስትስ» ሲላችሁ ምርመራ እናደርጋለን ማለቱ ነው። ኮምፒውተር የሚሠሩ ልጆቻችን ደግሞ መተርጎሙንም ትተውታል፤ «ፕሮግራሙን ራን አድርገው» ይላሉ፣ ሁላችንም ይገባናል።

ማሽን ሲመጣ ነው ቃሏ ጣሪያ የነካችው። ሰዓት፣ የፋብሪካ ሞተር፣ ባቡር፣ መኪና፣ ኤሌክትሪክ፣ ኮምፒውተር፤ እያንዳንዱ አዲስ ነገር ሲመጣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪው አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ ይህችኑ አሮጊት ቃል እየጠራ አሠራት። ሞተሩ «ራኒንግ» ነው ማለት አልጠፋም ማለት ነው። መኪናው ግን ቆሟል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የቆመ መኪና፣ ራኒንግ ነው። አውቶቡሱ «ደዝንት ራን ኦን ሰንዴይስ» ከተባለ ደግሞ እሁድ ቀስ ብሎ ይሄዳል ማለት አይደለም፣ ጭራሽ የለም። ይህን ሳያውቅ እሁድ ጠዋት በብርድ ማቆሚያው ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ እጩ ተወዳዳሪ ለፕሬዚዳንትነት ይሮጣል፤ ቃሉ ራን ነው። እንግሊዝ አገር ግን ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ይቆማል፤ ስታንድ ይሉታል። ቋንቋው አንድ፣ ሥራው አንድ፣ አንዱ አገር ሰውየው ይሮጣል፣ ሌላው አገር ይቆማል። ለንደን ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው። እኛ ሁለቱንም ትተን ይወዳደራል ብለናል፤ ውድድር ግን ለስታዲየሙም የምንጠቀምበት ቃል ስለሆነ ሩጫው ከሩቅ ይሸታል።

የባንኩን ሳልነግራችሁ አላልፍም። «ኤ ራን ኦን ዘ ባንክ» ማለት ሕዝቡ ባንኩ ሊወድቅ ነው ብሎ ፈርቶ ገንዘቡን ለማውጣት ባንድ ጊዜ ሲጎርፍ ነው። ድሮ እውነትም በእግር እየሮጡ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። ማርች 9 ቀን 2023 ሲልከን ቫሊ ባንክ የሚባለው የካሊፎርኒያ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ያን ሁሉ ገንዘብ የጠየቀው ሰው ግን በአብዛኛው ከወንበሩ አልተነሳም። በስልኩና በኮምፒውተሩ ነው። እግር አልተንቀሳቀሰም፣ ስሙ ግን ያው ራን ነው የተባለው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ክፍል ልምጣ። ቃሏ ከኋላዋ ትናንሽ ጭራ ትቀጥላለች። አውት፣ ኢንቱ፣ ኦቨር፣ አዌይ፣ ባይ። ጭራው ሲቀየር ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። «ራን አውት» አለቀ ነው፤ መድኃኒቱ አለቀ፣ ጊዜው አለቀ። «ራን አዌይ» ኮበለለ። «ሌት ሚ ራን ኢት ባይ ሂም» ማለት ደግሞ ቆይ፣ ለእሱ ላማክረው ነው። «ራን ኢንቱ» ግን ሁለት ፊት አላት። «አይ ራን ኢንቱ ሂም» ያለ ሰው መንገድ ላይ ሳያስበው አገኘው ማለት ሊሆን ይችላል። በመኪና ገጨው ማለትም ሊሆን ይችላል! ፍርድ ቤት ቆመህ ይህን ስትተረጉም ላብ ያጠምቅሃል። ገበያ መሀል የሆነ ነገር ነው ወይስ መስቀለኛ መንገድ ላይ? ከፊትና ከኋላ የተባለውን ካልሰማህ አፍህን መክፈት የለብህም። ካልገባህ «ክቡር ዳኛ፣ ቃሉ ይብራራልኝ» ማለት ግዴታህ ነው፣ ማንም አይቆጣህም።

ሹፌሮች ብዙ ናችሁ እዚህ ቤት፣ ይቺን ያዙልኝ። «ራን ኤ ሬድ ላይት» ማለት ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍ ነው። ፍጥነት የለበትም። በሰዓት አምስት ማይል እየተንፏቀቅክ ብታልፍም ራን አድርገሃል። ፖሊሱ ወይም ዳኛው «ዲድ ዩ ራን ዘ ሬድ ላይት?» ሲል፣ «ኖ፣ አይ ዋዝ ስሎው» ብሎ የሚመልስ ሹፌር ራሱን የተከላከለ ይመስለዋል። ያለው ግን «አዎ፣ ቀስ ብዬ ጣስኩት» ነው። «ሂት ኤንድ ራን» ደግሞ ገጭቶ ማምለጥ ነው፤ ከባድ ወንጀል ነው። ሰውየው በመኪናው ቀስ ብሎ ሄደ ወይም ፈጥኖ ሄደ፣ ዋናው ቆሞ አለመጠበቁ ነው።

ይህን ሁሉ ሳሰማችሁ «ምን ዓይነት ቋንቋ ነው» ብላችሁ ይሆናል። ግን እስኪ የራሳችንን እንይ። ሥጋ ቆረጠ። ትኬት ቆረጠ። ተስፋ ቆረጠ። የሠርጉን ቀን ቆረጠ። ከደመወዙ ተቆረጠበት። ቆርጦ ተነሳ። ቁርጡን ንገረኝ። ሥጋ ቤት ገብቶ ቁርጥ አዘዘ። እኛ እነዚህን ስንናገር አንድም ጊዜ ቆም ብለን አናስብም። አንዲት እናት ሐኪም ፊት ቀርበው «ሆዴን ይቆርጠኛል» ሲሉ፣ ቃሉን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢተረጉምላቸው ሐኪሙ ቢላ የያዘ ሰው ይፈልጋል። «ምች መታኝ»፣ «ጨጓራዬ ተነሳ»፣ «ልቤን ወጋኝ»። ማን መታ? ወዴት ተነሳ? ለእኛ ግልጽ ነው።

አንዷ ግን ሁልጊዜ ትደንቀኛለች። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ምን እንላለን? አስቀመጠው። እንግሊዝኛው በጓዳ አነጋገር ምን ይላል? «ሂ ሃዝ ዘ ራንስ።» ያው አንድ ሕመም፣ እነሱ ያስሮጡታል፣ እኛ እናስቀምጠዋለን። ሁለቱም እውነት ነው፤ እነሱ ልጁ ወደ መጸዳጃ ሲሮጥ አዩት፣ እኛ ከደረሰ በኋላ አየነው።

በቃል ምክንያት የመጣ ጉዳት በጣም ከባድ ሊሆን ይችላል። በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው፣ ከኩባ የመጣ። ልጁ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ። በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልስማማ ብሎት ታመመ ማለት ነው። ሐኪሞቹ የሰሙት ግን የእንግሊዝኛውን «ኢንቶክሲኬትድ» ነው። ሰክሯል፣ ዕፅ ወስዷል። የሠለጠነ አስተርጓሚ አልተጠራም። ልጁ ዕፅ አብዝቶ እንደወሰደ ሰው ታከመ። ጭንቅላቱ ውስጥ ግን ደም እየፈሰሰ ነበር። ሲደረስበት ጊዜው አልፎ እጅና እግሩ ሽባ ሆኑ። የካሣው ስምምነት በዕድሜ ልኩ ሲታሰብ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እኛ አስተርጓሚዎች ስንሠለጥን ይህን ታሪክ እንማራለን። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ቤተሰቡን ነው። ትክክለኛውን ቃል በቋንቋቸው ተናገሩ፣ ልጃቸውን ግን አላዳነውም።

ጥቂት ደግሞ ስለ ተመሳሳይ ቃላት። ብዙዎቻችሁ «አንድ ቃል ስትማሩ አምስት ተመሳሳዩን አብራችሁ ሸምድዱ» ተብላችኋል። ምክሩ ከቅንነት ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ላይ ሰብስቦ ለእንግሊዝኛ በመስጠት ስሙ የተጠራው ሰው ፒተር ሮጄት ነው። ሐኪም ነበር። መጽሐፉን ያሳተመው በ1852፣ በ73 ዓመቱ ነው። ቴሶረስ ብሎ ሰየመው፤ በግሪክኛ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነው። አሁን ስሙኝ። የእኛ መዝገብ በግዕዝ ምንድን ነው? ያው የሀብት ማከማቻ። «መዝገብህ ባለበት ልብህ ደግሞ በዚያ ይሆናልና» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወንጌሉ በግሪክኛ ሲጻፍ እዚያ ቦታ ያለው ቃል ቴሶረስ ራሱ ነው! እኛ ያለ ምንም ጩኸት መዝገበ ቃላት ብለን የጠራነው ነገር የቃላት ግምጃ ቤት ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን በጣም ደስ አለኝ።

ግምጃ ቤት ውስጥ ግን ዕቃው አንድ ላይ ተቀመጠ እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ ሮጠች፣ ከነፈች፣ ሸመጠጠች እንላለን። ፈረጠጠች ብንልስ? አይሆንም። የሚፈረጥጥ ሰው የሚሸሽ ነው። እግሬ አውጪኝ አለች ብንል ሰው ይቀየመናል። ሶመሶመች ካልን ደግሞ ልምምድ ላይ ናት። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። ጆግ ሶምሶማ ነው። ስፕሪንት ያለ የሌለ ኃይልን አውጥቶ አጭር ርቀት መሮጥ ነው። ፍሊ መሸሽ ነው። ቦልት ማለት ደንግጦ ድንገት መፈትለክ ነው፤ በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የጨረሰው ጃማይካዊ ስሙ ቦልት መሆኑ የእግዜር ሥራ ነው። (በዚያው ውድድር ቀነኒሳ 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸንፏል፣ ይህም ይነገርልን።)

እግር ላይ ሲሆን ቢሳሳቱትም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ሌላ ነው። የራን ተመሳሳዮች ተብለው ከሚጻፉት ውስጥ ማኔጅ እና ኦፐሬት አሉ። ሱቅ ራን ማድረግና ሱቅ ማኔጅ ማድረግ ይቀራረባሉ፣ ልክ ነው። ወደ ትኩሳቱ ስንወስደው ግን «ራኒንግ ኤ ፊቨር» ትኩሳት አለበት፣ «ማኔጂንግ ኤ ፊቨር» ትኩሳቱን መቆጣጠር ነው። ተቃራኒ ሊሆን ምንም አልቀረው! ኦፐሬትማ ጭራሽ ቢላ ነው፤ ሐኪም ሲለው ቀዶ ሕክምና ማድረግ ማለት ነው። ማሽን ራን ማድረግ ማሽን ኦፐሬት ማድረግ ነው ብሎ የሸመደደ ሰው ሐኪም «ዊ ሜይ ሃቭ ቱ ኦፐሬት» ሲለው ማሽን የሚከፍቱ መስሎት ፈርሞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እኔ ለተማሪዎች የምለው፣ አምስት ባዶ ቃል ከምትይዙ አንዷን ቃል ከአምስት ጓደኞቿ ጋር ያዙ። ራን ከአፍንጫ ጋር። ራን ከትኩሳት ጋር። ራን ከአውቶቡስ ጋር። ራን ከቀይ መብራት ጋር። ራን ከአውት ጋር። ደብተራችሁ ላይም እንደዚያ ጻፉት፣ ከጎኑም አማርኛውን ሙሉ አድርጋችሁ፤ «አፍንጫው ይፈሳል»፣ «እሁድ አውቶቡስ የለም»።

እኔ ራሴ ቃሏን ስሰማ በሆዴ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የሚሮጠው ማን ነው? ሰው ከሆነ ምናልባት ሮጠ ነው። አፍንጫ ከሆነ ፈሰሰ። ማሽን ከሆነ ሠራ። እጩ ከሆነ ተወዳደረ። ቀጥሎ ደግሞ ከኋላ የመጣውን አያለሁ። ሁለቱን ካየሁ ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። ካልገባኝ እጠይቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ቸኩዬ ገምቼ ከምተረጉም ሰው እንዲጠብቀኝ ማድረግ ይሻለኛል።

እናንተም ጠይቁ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ሰውን በመጣበት አገር ምክንያት እንዳያገልሉ ይከለክላል፤ ቋንቋ አለመቻልም በዚህ ይታያል። አብዛኛው ሆስፒታል ከዚያ ገንዘብ ይቀበላል። ስለዚህ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት አላችሁ። «አማርኛ ኢንተርፕረተር ፕሊዝ» ማለት ይበቃል። ልጆቻችሁን ለዚህ ሥራ አታስገቧቸው፣ እለምናችኋለሁ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የእናቱን የካንሰር ውጤት ለእናቱ ሲነግር አይቻለሁ።

ንግግሬ እዚህ ላይ አለቀና ጥያቄ ተጀመረ። አንዲት እህት ከኋላ እጇን አወጣች። ሐኪሟ ስለ ስኳር በሽታ ሲጠይቃት «ዳዝ ኢት ራን ኢን ዘ ፋሚሊ?» ብሏት ነበር። «ቤተሰቦችሽ ስፖርት ይሠራሉ ወይ ያለኝ መስሎኝ ‘ኖ’ አልኩት» አለች። አንዳንዱ ሰው ፈገግ አለ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። በዘራችሁ አለ ወይ፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ነው ወይ ማለቱ እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እናቴ በስኳር ነው የሞተችው» አለች። «አክስቴም አለባት።»

ሐኪሟ ጋ መቼ እንደምትመለስ ጠየቅኳት። ከሦስት ወር በኋላ ነው አለችኝ። ሦስት ወር አትጠብቂ፣ ሰኞ ጠዋት ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂና ይህንኑ ንገሪያቸው አልኳት። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ እናት ብዕር አውጥተው ሰጧት። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ፊደል እያነበብኩላት እጇ ላይ ጻፈችው፤ «ኢት ራንስ ኢን ማይ ፋሚሊ። ማይ ማዘር ኤንድ ማይ ኦንት።»